ቁም ሣጥኑ ሲከፈት፦ የአንድ የደሴ ቤተሰብ የልጅ አለባበስ ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጅንስ ሱሪ ነው። ደሴ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት የምትውል የሦስት ዓመት ከስምንት ወር ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሱሪዋ ላይ ሸናች። ቤቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካቆመች ዓመት አልፏታል። እናቷ ሕመም መስሏት ሽንቷን አስመረመረች፤ ምንም አልተገኘም። መምህርቷ ግን ነገሩን በዓይኗ አይታዋለች። ልጅቷ በጊዜ ተነሥታ ሽንት ቤት ትደርሳለች፤ እዚያ ስትደርስ ከቀበቶው፣ ከብረት ቁልፉና ከዚፑ ጋር ትታገላለች፤ ሲያቅታት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ያመልጣታል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ያለ ችግር ወደ ታች ይስባል። ጠንካራ የብረት ቁልፍ ከጠባብ ቀዳዳ ማውጣት ግን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት በየፊናቸው እየገፉ የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ብዙ ልጆች የሚችሉት ወደ አምስት ዓመት ሲጠጉ ነው። መምህርቷ ቱታ እንዲለብሱላት ጠየቀች። እናት ተስማማች። አባት ግን ልጁ ቱታ ለብሳ በሱቁ ደጅ እንደማታልፍ ተናገረ፤ አስቦ ሳይሆን አምልጦት። ጉዳዩ ከሱሪ አልፎ ወደ ቁም ሣጥኑ የገባው በዚህች አንዲት አነጋገር ነው።

ቤተሰቡ እንዲህ ነው። አባት 36 ዓመቱ ነው፤ ከተማው መሃል የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። እናት 29 ዓመቷ ሲሆን ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከልጅቷ ሌላ የ14 ወር ወንድ ልጅ አላቸው። የአባት እናት ባቲ የሚኖሩ ሙስሊም፣ የእናት እናት ኮምቦልቻ የሚኖሩ ክርስቲያን ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ወሎ ውስጥ ማንንም አያስገርምም። ዒዱንም ጥምቀቱንም አብረው ያከብራሉ፤ የልጆቹን ሃይማኖት በተመለከተ ወላጆቹ «ሲያድጉ ይወስናሉ» ብለው ዘግተውታል። ዘግተነዋል ብለው ያምኑ ነበር ማለት ይሻላል።

የልጅ ልብስ በማን ፍላጎት እንደሚመረጥ ለማወቅ ቁም ሣጥን ሲመረመር የመጀመሪያው ደንብ ወላጅን አለመጠየቅ ነው። ወላጅን «ይህን ለምን ገዛችሁ?» ቢሉት መልሱ ሁልጊዜ «ስላማረባት» ነው፤ ውሸትም አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልብሱ ሁሉ፣ ከላይ ያለው ሻንጣ ውስጥ የተከተተው ሳይቀር፣ አልጋ ላይ ይወጣና ጨርቁ ራሱ ይነበባል። የሚታየው ጉልበቱ መሳሳቱ፣ የእጅጌው ጫፍ መፈግፈጉ፣ አንገቱ መላላቱ፣ ቅምቅማቱ አፈር መያዙ ነው። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ኪስ ነው። ልጅ የኖረችበት ልብስ ኪሱ ውስጥ ጠጠር፣ የቆሎ ፍርፋሪ ወይም የከረሜላ ልጣጭ አይጠፋም። ኪሱ ንጹሕ የሆነ የልጅ ልብስ የትልቅ ሰው ልብስ ነው።

ካልሲና የውስጥ ልብስ ሳይቆጠር የልጅቷ ልብስ 46 ሆነ። ዘወትር የምትለብሳቸው 17 ናቸው፤ ከነዚህ 9ኙ ልባሽ ጨርቅ ተራ በርካሽ የተገዙ ናቸው። ከአንዴ እስከ ሦስቴ ብቻ የተለበሱት 12፣ ከነወረቀታቸው የተቀመጡት 8፣ ያነሷት 9። ሁለተኛው ዙር የተለያየው እምብዛም ያልተለበሱትን 20 ልብሶች ማን መረጣቸው በሚል ነበር፤ 9ኙን እናት፣ 5ቱን አባት፣ 4ቱን ሁለቱ አያቶች፣ 2ቱን እንግዶች። ስለ 17ቱ ሲጠየቅ ግን ማን እንደገዛቸው እንኳ በውል የሚያስታውስ የለም። ልጅቷን ከብርድ ያዳናት ልብስ ታሪክ የለውም፤ ታሪክ ያላቸው የሰቀሏቸው ናቸው። ለአንዲት የጥበብ ቀሚስና ለአንድ ቬሎ የወጣው ገንዘብ ለ17ቱ ሁሉ ከወጣው ይበልጣል።

ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም «ለምን» አይልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለብሰው የት ልትሄዱ ነበር? መጀመሪያ ያያት ማን ነው? ምን አለ? ፎቶው ለማን ተላከ? አራተኛው ጥያቄ ከሦስቱ ይበልጥ ያወጣል። የቬሎውን ፎቶ እናት የላከችው ለአራት ታላላቅ እህቶቿ ነው፤ ለሌላ ለማንም አልላከችም።

እናት ከአምስት ሴት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አዲስ ልብስ ከላይ ጀምሮ እየወረደ እሷ ዘንድ ሲደርስ አዲስ አይደለም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እሷ የሚበጣጠሰውን ነበር የምትለብሰው፤ ይህን ስትናገር ትስቃለች። ቬሎው የተገዛው ለአክስቷ ልጅ ሰርግ ነው። ከውጭ የመጣ የልጅ ልብስ ልኩ በቁመት ሲጻፍበት እያንዳንዱ ደረጃ በ6 ሳንቲ ሜትር ይለያያል፦ 98፣ 104፣ 110። ልጅቷ 97 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ቬሎው 110 ነው። «ይቆይላታል» ተብሎ ሁለት ደረጃ ተዘለለ፤ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅ በዓመት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ቬሎው ልኳ የሚሆነው አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል ወይም ሲያልፋት ነው። ለዛሬ ሰርግ የተገዛ ልብስ ለዛሬዋ ልጅ አልተገዛም ማለት ነው። ሰርጉ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ቪዲዮው ላይ ያለችው አባቷ ክንድ ላይ ሆና ነው።

አባት ሌላ መንገድ ነው። የመረጣቸው አምስቱ ልብሶች ሁለት ጃኬት፣ ሁለት ጅንስና አንድ የቆዳ ኮት ናቸው፤ ሁሉም እሱ የሚለብሰው ዓይነት ነው፤ አንዱ ጃኬት እንዲያውም ከእሱ ጋር አንድ ቀለም አንድ ስፌት ነው። በልጅነቱ አጎቱ ሱቅ ሲላላክ ነው ያደገው፤ ደንበኛ ሻጩን አይቶ ዋጋ እንደሚያወጣ ቀድሞ ገብቶታል። ልጅቷ ማታ ማታ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ሱቁ ደጅ ትቆማለች፤ ከባንኮኒው ውስጥ ሆኖ የሚያያት ከወገቧ በላይ ነው፤ ሳያውቀው ከመረጣቸው የሚበዙትም ለዚያ ለሚታየው ክፍል ናቸው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቶርስታይን ቬብለን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ባለሀብት አቅሙን በራሱ ገላ ብቻ ሳይሆን በሚስቱና በቤተሰቡ ልብስ እንደሚያሳይ ጽፎ ነበር። አባት ይህን አላነበበም፤ የሱቅ ደጅ አስተምሮታል።

አንደኛው ጃኬት ቆቡ ላይ ገመድ ነበረው። አውሮፓ ውስጥ ከሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሚሠራ ልብስ ቆብና አንገት ላይ እንዲህ ያለ ገመድ በደኅንነት መስፈርት ተከልክሏል፤ መንሸራተቻ ላይ ወይም በር ላይ ተይዞ ያንቃል። ይኼኛው የተነቀለው በዚያው ቀን ነው፤ ክርክር አልነበረበትም።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የአያቶች ልብስ ነው። አራት ብቻ ናቸው፤ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድም ሰው ዝም ብሎ ያልሰቀላቸው እነሱ ናቸው። የኮምቦልቻዋ አያት ያሠሩት ጥበቡ መስቀል የሆነ ነጭ ቀሚስና ጥለቱ ከቀሚሱ ጋር የሄደ ትንሽ ነጠላ አለ። የባቲዋ አያት የላኩት ደግሞ እስከ እግር የሚደርስ አረንጓዴ ቀሚስና ዳሩ በእጅ የተጠለፈ ነጭ ሻሽ ነው። መስቀሉ ቀሚስ ባቲ ተወስዶ አያውቅም። ሻሹም ኮምቦልቻ ተወስዶ አያውቅም። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተለብሰዋል፤ ፎቷቸውም ለየላኪያቸው ተልኳል። ወላጆቹ በቃል ያልመለሱትን ጥያቄ ልጅቷ ለብሳ ለሁለቱም «አዎ» ብላ ትመልሳለች፤ በሁለት አያቶች መካከል ፖስተኛ ሆናለች። አያቶቹ ግን ተጣልተው አያውቁም፤ ሲገናኙ አቦሉንም በረካውንም አብረው ነው የሚጠጡት። የጠየቁትም ነገር ሃይማኖት አይመስልም፤ «የኔም ልጅ ናት ወይ?» ነው።

ባቲ ላይ ከዚህ የተለየ ሌላ ነገር ነበር። አያት ልጅቷ አምራ ስትመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይን ይፈራሉ፤ ስለዚህ በቀሚሱ ሥር ክታብ አስረውላታል። «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» እንደሚባለው፣ ልብሱ እዩኝ ይላል፣ ክታቡ አትዩኝ። ልጅ የማይበረክትላት እናት ወንድ ልጇን ቀለበት ጆሮው ላይ አድርጋ ወይም ሴት አስመስላ ታሳድግ የነበረበት የቆየ ልማድም ከዚሁ ጎራ ነው፤ እዚያ የልጁ ልብስ የእናቱን ፍርሃት ነው የሚለብሰው።

የወንዱን ልጅ ነገር በአጭሩ፦ የእህቱ ሮዝ ሹራቦች ለእሱ ደርሰው ነበር፤ አባት ከቤት ውጪ አይለብስም አለ። ሮዝና ሰማያዊ የገቡት ከሱቅ ዕቃ ጋር ነው፤ ለክርስትናም ለሌላውም ሕፃን የሚለብሰው ነጭ ወንድ ሴት አይልም ነበር። ሹራቦቹ የቤት ልብስ ሆኑ፤ ከዚያ በላይ አልተገፋበትም።

አሁን ልብሱ በልጅቷ ገላ ላይ ያመጣውን እንይ፤ ወላጅን የሚያሳምነው ይህ ነው እንጂ ሥነ ልቦናው አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሀረጎ ቁልቁለት ብቻ ሲወርዱ ወደ 4 ዲግሪ ይጨምራል፤ ባቲ ሲደርሱ ደግሞ ቆላ ነው። ቤተሰቡ ግን ልጅቷን የሚያለብሰው ለሚደረስበት ሰው እንጂ ለሚደረስበት አየር አልነበረም። ኅዳር ላይ በደሴ ብርድ ገበር ያለው ጃኬት፣ ታይትና ጅንስ ተደራርቦ፣ ቀበቶው ጠብቆ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሀረጎ መጠምዘዣ ላይ አስመለሳት። ባቲ ስትደርስ አንገቷና ብብቷ ላይ የሙቀት ሽፍታ ወጣ። ይህ ሁለት ጊዜ የሆነ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ የተወቀሰው መንገዱ ነው።

የጥበቡ ቀሚስ ሁለት ጉድለት ነበረበት። ጥበቡ የተሠራበት የሚያብረቀርቅ ክር በጀርባው በኩል ረጃጅም ልቅ ክሮች አሉት፤ ገላ ይቧጥጣል፤ የልጅ ጣት ይገባበትና ይተለተላል። ሁለተኛ፣ ከትከሻ እስከ ታች 79 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የልጅቷ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 72 ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ ጫፉ መሬት ይጎተታል። ደረጃ ስትወጣ የምትረግጠው የገዛ ቅምቅማቷን ነው።

ቬሎው ደግሞ ቡና ሲፈላ ያስፈራል። የከሰል ምድጃው ያለው መሬት ላይ ነው፤ ማለትም በትክክል በዚያ ቀሚስ ዳር ቁመት ላይ። መረብ መሳዩ ስስ ጨርቁ፣ ቱሉ፣ ሰው ሠራሽ ስለሆነ እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ሰፊና ስስ የጥጥ ቀሚስም ቶሎ ስለሚቀጣጠል ከዚህ አይሻልም፤ አደጋው ከጨርቁ ይልቅ ስፋቱ ነው። ሕፃን ባለበት ረከቦቱና ምድጃው ጥግ ይያዝ፤ ዳረ ሰፊ የለበሰች ልጅ በዚያ በኩል አትለፍ። ይህም ያለ ድርድር ተወሰነ።

ሥራው በሦስት ቀጠሮ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ አለቀ። በጅንሶቹ ተጀመረ፤ ለአባት «ቱታ ትልበስ» ከማለት ጅንሱን ወደ ቱታ መለወጥ ይቀላልና። የብረት ቁልፉና ዚፑ ተነቀለ፤ የፊቱ ክፍት ተሰፋ፤ ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ለመልክ ብቻ የጨርቅ ቁልፍ ተተከለ። ወገቡ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ወጥቶለት 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ገባ። የወገቧ ዙሪያ 50 ነው፤ ላስቲኩ የተቆረጠው 48 ሲሆን 2ቱ ተደራርቦ ለመስፋት ነው። ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሁለት ጣት ሳይጨናነቅ ሲገባና ልጅቷ ራሷ በሁለት እጇ ስባ ስታወርደው ነው። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ ላስቲኩ 44 ሆኖ ሆዷ ላይ ቀይ መስመር አወጣ። ሰፊዎች ልጅ ሱሪው እንዳይወልቅ ሲሉ ያጠብቁታል፤ ልጅ ምሳ ከበላች በኋላ ግን ወገቧ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ልክ የሚወሰደው ከምግብ በኋላ ተቀምጣ ነው።

የጥበብ ቀሚስን ማሳጠር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ሌላው ቀሚስ ከታች ቢታጠፍ የሚጠፋው ጥበቡ ራሱ ነው፤ ተቆርጦ ቢቀጠል ደግሞ ልጅ ስታድግ መመለሻ የለውም። መፍትሔው ወገብ ላይ፣ መቀነቱ በሚሸፍነው ቦታ፣ በውስጥ በኩል ሁለት እጥፋት መያዝ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት ጥልቀቱ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 6 ሳንቲ ሜትር ይበላል፤ ሁለቱ 12። 79 የነበረው 67 ሆነ፤ ከቁርጭምጭሚቷ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። እጥፋቱ በቀላሉ በሚፈታ ረዥም ስፌት ስለተያዘ ለሚቀጥለው ዓመት አንዱ፣ ለዚያ ቀጣዩ ሌላው ይፈታል። ከውስጥ ገበር ገባለት፤ ጨርቁ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ስለሚሸበሸብና ስለሚያጥር ሳይቆረጥ በፊት አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ መተኮስ አለበት። ይህን ሥራ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ገበሩ አጥሮ ቀሚሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል።

መንገዱን በተመለከተ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ከሥር እጅጌ የሌለው ጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ስስ ሹራብ፣ ከላይ ጃኬት፤ ጃኬቱ ሀረጎ ሳይጀመር ይወልቃል፣ ሹራቡ ኮምቦልቻ ላይ። የአያት ቀሚስ ቦርሳ ውስጥ ሄዶ ደጃፍ ሲደረስ ይለበሳል። ላብ ያልነካው፣ ያልተጨማደደ፣ ትውከት የሌለበት ቀሚስ ለብሳ የገባች ልጅ አያትን የበለጠ ታስደስታለች፤ ወላጆቹን ያሳመነውም ይኸው ነው።

አያቶቹን ስጦታ አትላኩ ማለት አይሆንም፤ አልተባሉምም። በዚያ ፈንታ ሥራ ተሰጣቸው። ለባቲዋ አያት የልጅቷ ልክ ተላከ፦ ቁመት 97፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት በታች 58፣ ደረት 54፤ ለባቲ ሙቀት ከጥጥ ጨርቅ ሰፊ ቀሚስ እንዲያሰፉላት። ለኮምቦልቻዋ አያት ደግሞ ለደሴ ብርድ የምትተኛበት ትንሽ ጋቢ። ጋቢው በሁለት ሳምንት ውስጥ መጣ፤ አሁን ከአልጋዋ አይነሣም። የኮምቦልቻዋ አያት ግን ጥበቡ ቀሚስ ማጠሩን ሲሰሙ አኩርፈው ከረሙ። እጥፋቱን ገልብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህንንማ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አሉ። ያስከፋቸው የተቆረጠ መስሏቸው ነበር፤ ልጅቷን ከእሳቸው እንደ መለየት ቆጥረውት።

ከቁም ሣጥኑ የታችኛው መደርደሪያ ለልጅቷ ቁመት ተለቀቀ። 17ቱ ዘወትር ልብሶችና የተለወጡት ጅንሶች እዚያ ገቡ፤ ጠዋት ሁለት ልብስ ወጥቶ አንዱን ትመርጣለች። ከሁለት በላይ ሲሆን ምርጫው ልቅሶ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በተከታታይ የመረጠችው ከልባሽ ተራ የመጣ፣ ክርኑ የሳሳ፣ ብርቱካናማ ሹራብ ነው። አባት ሱቁ ደጅ በዚያ ሹራብ መቆሟን አልወደደውም፤ አሁንም አይወደውም። ሱሪዋ ላይ መሽናቷ ግን ጅንሱ ከተለወጠበት ቀን ጀምሮ ቆሟል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ጫማ ላይ ግን አልተሸነፈም፤ አሁንም ሁለት ቁጥር የሚተልቅ ይገዛል፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጥቃል። ከአውራ ጣቷ ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከበቃ ሌላው ትርፍ መውደቂያ ነው ተብሎ ተነግሮታል፤ ሰምቷል።

ቬሎው ለእናት እህት ልጅ ተሰጠ፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ልክ ሆነላት። እናት የሰጠችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ፎቶው ለሁሉም እህቶች እንዲላክ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ከጥምቀት በፊት ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ልጅቷን ሊለካ ጎንበስ ሲል እናት ልጅቷ በቂ ቀሚስ እንዳላት ነገረችው። ጨርቁን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ነጭ መነን፣ ጥበቡ ቀጭን። ከተዳረች ወዲህ ለራሷ ያሰፋችው የመጀመሪያው ነው። ሰፊው ቀና ብሎ ትከሻዋ ላይ ሜትሩን አሳረፈ።